ማሳችን ጫካ ዳር ነው፦ ስለ ዝንጀሮ፣ ጉማሬና ጅብ ከጎጃም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ከአባይ በረሃ አፋፍ፣ ከጣና ዳር፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ የሚመጡ ናቸው። ጠያቂው አንዳንዴ ገበሬ ነው፤ አንዳንዴ ከተማ ተቀምጦ አገር ቤት ላሉት ወላጆቹ የሚጨነቅ ልጅ ነው። እኔም ወንጭፍ ይዤ ማማ ላይ ካደጉት ወገን ስለሆንኩ መልሱ ወደ ገበሬው ያደላል። ይኼን ከወዲሁ ተናግሬያለሁ።

ጎጃም ውስጥ እንደ ሰሜን ተራሮች ያለ ትልቅ ፓርክ የለም። ታዲያ ይህ ሁሉ የአውሬ ጣጣ ከየት መጣ?

እውነት ነው፣ ስማቸው የገነነው ሰሜን ተራሮችም አልጣሽም ጎንደር ናቸው። ጎጃም ያለው ጥብቅ ቦታ ግን ሌላ መልክ አለው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ፣ ማለትም ተፈጥሮው እየተጠበቀ ሰውም አብሮ የሚኖርበት ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ስፋቱ ወደ 696 ሺህ ሄክታር ሲሆን ሐይቁን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ያለውን እርሻና መንደርም ይይዛል። ስለዚህ ብዙ ሰው ጥብቅ ስፍራ ውስጥ እየኖረ አያውቀውም። አባይ ከጣና ሲወጣ ያለው ዳርቻ አለ፣ ጮቄ አለ፣ የየደብሩ ደን አለ። የአባይ በረሃ ገደል ደግሞ ማንም ሳያጥረው ቁልቁለቱ ራሱ ለአውሬው አጥር ሆኖለታል።

ሽማግሌዎችን ብትጠይቁ ድሮ በጫካውና በማሳው መካከል የግጦሽ መስክ ነበር ይሏችኋል። ዝንጀሮ ያንን ሜዳ አቋርጦ እስኪመጣ ውሻው ያየዋል፣ እረኛው ይጮኻል። ዛሬ መስኩ ታርሷል። በሬው ትልም ጨርሶ ሲዞር ጭራው ቁጥቋጦ ይነካል። በዚያ ላይ የዝንጀሮ ዋና ጠላት ነብር ነው፤ ነብሩን ደግሞ እኛው አሳድደን ጨረስነው። ፍየል በላብን ብለን የገደልነው አውሬ በቆሎ ጠባቂያችን ነበር።

ዝንጀሮ እንዳይጨርሰን ምን እናድርግ? ማስፈራሪያም ሰቅለናል፣ አልሆነም።

ጭራሮ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ካፖርት የሚሠራው ሦስት ቀን ነው። በአራተኛው ቀን ዝንጀሮው ትከሻው ላይ ይቀመጥበታል።

እንዴት እንደሚሰርቅ አንዴ ቁጭ ብላችሁ እዩት። ጧት ፀሐይ አፋፉን ስትመታ አንድ ትልቅ ወንድ ድንጋይ ላይ ይወጣል። ፊቱን ወደ እናንተ አያደርግም፤ ጎኑን እያከከ ሌላ ነገር የሚያይ ይመስላል። ሴቶቹ ግልገል አዝለው ከኋላው ይሰበሰባሉ። ማንም አይጮህም። ጠባቂው ቁርስ ሊበላ ወይም ቡና ሊጠጣ ብድግ ሲል ግን መንጋው ቁልቁል እንደ ጎርፍ ይወርዳል። አንዱ እሸቱን ሸልቅቆ ሁለቴ ይነክስና ይጥለዋል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ ጉንጩን ወጥሮ የሞላው ፍሬ ደግሞ ገደሉ ላይ ወጥቶ በሰላም የሚያኝከው ነው። ጠባቂው ሲመለስ ሩብ ሰዓት አልሞላም። የሚያናድደው የበላው ሳይሆን ነክሶ የጣለው ነው።

ከዚህ የምንማረው ዝንጀሮ የሚጠብቀው ክፍተትን መሆኑን ነው። ስለዚህ የሚሠራው መድኃኒት አሰልቺ ነው፦ ክፍተት የሌለው ጥበቃ። ለብቻ አይቻልም። ማሳቸው የተያያዘ አራት አምስት ቤተሰቦች ለአረምና ለአጨዳ እንደሚያደርጉት በወንፈል ቢጠብቁ፣ አንዱ ሲበላ ሌላው ይቆማል። ማማው ደግሞ በገደሉ በኩል ይሁን። አብዛኛው ሰው ለቤቱ ቅርብ በሆነው በኩል ይሠራዋል፤ እኛም እንዲሁ አድርገን ነበር፣ ሌባው በጀርባችን ሲገባ ከረምን። ማማውን ጠለላ ያለው፣ ዝናብ የማያስገባ አድርጉት። “መጀመሪያ መቀመጫዬን” አለች ዝንጀሮ፣ ለጠባቂም ይሠራል፤ የሚበሰብስ ጠባቂ ቤቱ ይገባል።

ጅራፍና ወንጭፍ ጥሩ ናቸው፣ ግን አቀያይሯቸው፤ ከአንድ ቦታ በአንድ ሰዓት የሚጮህ ጅራፍ ሰዓት ከመንገር አያልፍም። ውሻ ካላችሁ ለብቻው አትልቀቁት። ትልቁ ወንድ ዝንጀሮ ውሻ ይዘነጥላል።

በማሳውና በቁጥቋጦው መካከል አሥራ አምስት ሃያ እርምጃ ያህል መንጥራችሁ ገላጣ ብታደርጉት በተለይ ጦጣ ይሸማቀቃል፤ መሬቱ ገላጣ ከሆነ ደፍሮ አይሻገርም። ቦታው ግን የናንተ ማሳ እንጂ የደብሩ ደን እንዳይሆን።

ሰው ሁሉ የሚያስበው የመስከረምና የጥቅምት እሸት ነው። ዘር ወቅትንም አትርሱ። ዝንጀሮ የተዘራ በቆሎ መስመሩን ተከትሎ እየጫረ ያወጣል፤ በመስመር መዝራት ለእሱም ተመችቶታል።

ሴት ስትጠብቅ ዝንጀሮ ይደፍራል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሴትና ልጅ ሲጠብቁ ይበልጥ ይቀርባል፣ ይህ በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም የታየ ነው። ባሏ ለሥራ የሄደባት አንዲት ጎረቤታችን የሱን ካፖርት ለብሳ፣ ባርኔጣ አድርጋ፣ ዱላ ትከሻዋ ላይ አጋድማ ትቆም ነበር። ሰው ይስቅባት ነበር፤ በቆሎዋ ግን ከኛ የተሻለ ገባ።

ልጄን ከትምህርት ቤት አስቀርቼ አስጠብቃለሁ። ሌላ ምን ምርጫ አለኝ?

አልፈርድብህም። እኔም በመስከረም ክፍል የምገባው ሌሎቹ አንድ ምዕራፍ ከጨረሱ በኋላ ነበር። ዝንጀሮ ወሰደ ብለን የምንቆጥረው በቆሎውን ብቻ ነው፤ የቀረውን ትምህርት ማንም አልመዘነውም። ጥብቅ ስፍራ ለአገር ይጠቅማል ሲባል ዋጋውን የሚከፍለው ማማ ላይ የተቀመጠ የ10 ዓመት ልጅ መሆኑ መነገር አለበት።

ወንፈል ያልኩት ለዚህም ነው። አምስት ቤት ተራ ከገባ አንድ ልጅ በሳምንት የሚቀረው አንድ ቀን ቢሆን ነው። ትምህርት ቤቱ ፈረቃ ካለው የጧትና የከሰዓት ልጆችን ማጣመርም ይቻላል።

ጫካው ዳር ምን ብዘራ አይነኩብኝም?

ሙሉ በሙሉ የማይነካ የለም፤ የማይወደድ ግን አለ። በርበሬ፣ ኑግና ጌሾ ዝንጀሮን አይስቡትም። ቡሬና ጃቢ ጠህናን አካባቢ በርበሬ ዱሮም ስለሚዘራ ገበያው አለ። በቆሎና ድንች ወደ ቤት ይቅረቡ፣ በርበሬው ወደ ዳር ይሂድ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን የሚያደርገው ውድ ነው ብሎ በርበሬውን ጓሮው ስለሚተክል ነው። አንድ እንከን አለው፦ ዳሩ ላይ ያለው ሰው በርበሬ ሲዘራ መንጋው ዞሮ ጎረቤቱ ጋ ይገባል። ከጎረቤት ጋር ሳይመካከሩ መጀመር ጠብ ያመጣል።

ጉሬዛስ?

ጉሬዛ ዋና ምግቡ ቅጠል ነው። ከደብሩ ዛፍ ወርዶ በቆሎ ሲያጠፋ እምብዛም አይታይም። በዝንጀሮና በጦጣ ጥፋት እሱን መውቀስ ነውር ነው።

ሌሊት የሚገባውን አውሬ አላየነውም። በምን እንለየዋለን?

ጧት ጤዛው ሳይረግፍ ሂዱ። የበቆሎው አገዳ ከሥሩ ተቀርጥፎ ከወደቀ፣ ወይም ድንቹ በጠባብ ጉድጓድ ተቆፍሮ ከተበላ ጃርት ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት እሾህ ጥሎ ይሄዳል። መሬቱ በሬ ያረሰው መስሎ ከተገለበጠ የዱር አሳማ ነው። ውሃ ዳር ከሆናችሁና ሣሩ እንደ ማጭድ ከተላጨ፣ መንገዱም እንደ ጋሪ ጎማ ሁለት መስመር ሆኖ መሃሉ ከፍ ካለ ጉማሬ ነው። እግሩ በሁለት ረድፍ ስለሚረግጥ መሃሉ ጉብታ ሆኖ ይቀራል።

በግ ወይም አህያ ሲሞትም እንዲሁ ነው። ነብር ጉሮሮ ይይዛል። ጅብ ከሆድ ወይም ከብልት በኩል ይጀምራል፣ አጥንቱንም አያስተርፍም፤ ኩሱ ሲደርቅ እንደ ኖራ የሚነጣው ከአጥንቱ ነው። ጠቦት ብቻ ከጠፋ ቀበሮን ጠርጥሩ። መለየቱ የሚጠቅመው ለአንዱ የሚሠራው መከላከያ ለሌላው ስለማይሠራ ነው። ለጃርት ማማ ላይ ቢያድሩ ብርድ ብቻ ነው ትርፉ፤ ለሱ ሥሩ ድረስ የወረደ የድንጋይ ካብ ይሻላል።

ጣናና አባይ ዳር ነን። ጉማሬ አትክልቱንም በቆሎውንም በላው። ታንኳ የሚቀዝፉ ወንድሞቻችንም ይፈራሉ።

ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ፣ ሌሊት ሣር ላይ ነው። አንዱ በሌሊት እስከ 40 ኪሎ ሣር ይግጣል፣ ለዚያም ከውሃው ብዙ ይርቃል። ድሮ የሚግጠው የዳር ሣር ዛሬ የመስኖ እርሻ ሆኗል። ውሃው ሲሸሽ ተከትለን እንዘራለን፤ ከጉማሬው ዓይን ካየነው ግን የራት ገበታው ላይ ሽንኩርት የተከልነው እኛ ነን። ይኼን የምለው ገበሬውን ለመክሰስ አይደለም፣ በዚያው መንገድ በየሌሊቱ ለምን እንደሚመለስ ለማስረዳት ነው። ጉማሬ መንገዱን አይለውጥም። መንገዱ ላይ የተሠራ አጥር ይፈርሳል፤ መንገዱን ትቶለት በጎንና በጎን የተቆፈረ ቦይ ወይም የድንጋይ ካብ ግን ይይዛል፣ ምክንያቱም እግሩ አጭር ነው፣ መዝለል አይችልም።

ሰው የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት አጋጣሚ ነው። አንደኛው በእሱና በውሃው መካከል መገኘት ነው። ጉማሬ ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ውሃ ነው፤ መንገዱ ላይ ያለው ሰው ይረገጣል ወይም ይነከሳል። ክብደቱ ከ1,500 ኪሎ በላይ ሆኖ ከሰው ይፈጥናል። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድና ከመሸ በኋላ ውሃ ለመቅዳት፣ ከብት ለማጠጣት ወይም ልብስ ለማጠብ ዳር አትውረዱ። ማሳ ውስጥ ካገኛችሁትም ከውሃው በኩል ሆናችሁ አትጩኹበት። መውጫውን ክፍት አድርጋችሁ ከላይ በኩል በእሳትና በድምፅ ሸኙት።

ሁለተኛው ታንኳ ላይ ነው። የደንገል ታንኳ ድምፅ የለውም፣ ጉማሬውም አናቱ ላይ እስኪደርሱ አይሰማም። ያረጁት አጥማጆች ደንገሉ ወደ በዛበት ሲጠጉ መቅዘፊያውን ውሃው ላይ ጠፍ ጠፍ ያደርጋሉ፤ መጣሁ ማለት ነው። ወደ እናንተ የሚመጣ የአረፋ መስመር ወይም አፉን የከፈተ ጉማሬ ካያችሁ መረቡን ትታችሁ ራቁ። አፉን መክፈቱ ማዛጋት አይደለም። ግልገል የያዘችው ከሁሉም ትከፋለች።

ከጢስ አባይ በታች፣ በረሃው ውስጥ ለምትኖሩት ደግሞ አዞ አለ። ለአዞ ምክሩ አጭር ነው፦ በየቀኑ በአንድ ቦታ በአንድ ሰዓት አትቅዱ፣ ውሃው ዳር አትንበርከኩ፤ መቅጃው ላይ በእሾህ አጥር ጠበብ ያለ በረት መሥራት ይጠቅማል።

ጅብ አህያዬን በላው። በጾም ይብሳል የሚሉት ተረት ነው?

ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ትግራይ ውስጥ የጅብ ኩስ እየተለቀመ በውስጡ የተገኘው ጠጉር የማን እንደሆነ አይቷል። በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም የአህያው ጠጉር በግልጽ ጨምሮ፣ ጾሙ ሲፈታ ተመልሶ ቀንሷል። ሰው ሥጋ ሲተው ቄራውና ቅርጫው ይቆማል፣ የሚጣል አጥንት ይጠፋል፤ አያ ጅቦም እንግዲህ ጾሙን በአህያ ይገድፋል። ጎጃምም ጿሚ አገር ነውና ነገሩ ለኛም ይሠራል።

ስለዚህ ከሁዳዴ በፊት በረታችሁን እዩ። የግራር እሾህ ቅርንጫፉ ወደ ውጭ ዞሮ ይደርደር፤ ጅብ በአፍንጫው እየገፋ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ ከሥሩም ይቆፍራል፣ ስለዚህ ታቹ በድንጋይ ይታሰር። ገበያ አምሽታችሁ ስትመለሱ አህያዋን መንገድ ላይ ትታችሁ አትግቡ። በሬ ሲሰበር ሥጋውን ለመንደሩ ተካፍሎ ገንዘቡን ለባለቤቱ ማዋጣት በብዙ አካባቢ የለመድነው ነው። የአህያ ሥጋ ግን አይበላም፣ ጅቡም የሚያስተርፈው የለም፤ አህያ የሞተባት ሴት እንስራዋን በጀርባዋ ተሸክማ ትቀራለች። ዕድራችሁ ይኼንን ቢያስብበት አይከፋም።

መርዝ ሥጋ ላይ ነስንሰን ብንጨርሳቸውስ?

አይሆንም። ሕግ ስለሚከለክለው ብቻ አይደለም። መርዝ የበላውን ጅብ ጥንብ አንሳ ይበላዋል፣ የጎረቤት ውሻ ይበላዋል፣ እነሱም ይሞታሉ። ጥንብ አንሳና ውሻ በሌለበት መንደር የሞተ ከብት ቀኑን ሙሉ ሲሸት ይውላል፣ ሌሊት ሌላ ጅብ ይጠራል። ለተባይ የተገዛ መርዝ ደግሞ ልጅ እጅ የሚገባበት ቤት ስንት ነው።

ሰብሌን ሲያጠፋ ብገድለው እጠየቃለሁ? ካሳስ ይከፈለኛል?

በአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ወንጀል ነው፣ እስራትም የገንዘብ ቅጣትም አለው። ሰው ላይ የመጣ አውሬን ለነፍስ መከላከልና ለበቆሎ ሲሉ አድፍጦ መግደል አንድ አይደለም። አስቸጋሪ ሆኖ የለመደ እንስሳ ካለ ለቀበሌና ለወረዳ አመልክቶ በባለሙያ እንዲታይ ማድረግ ነው መንገዱ።

ካሳውን በተመለከተ አላሞኛችሁም። አውሬ ለበላው ሰብል ወይም ከብት ለገበሬው የሚከፍል አገር አቀፍ ፈንድ የለንም። እንስሳው የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው ይባላል፤ በቆሎውን ሲበላ ግን የገበሬው ብቻ ይሆናል። ይኼ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም።

ጅብ፣ ቀበሮ ወይም ዝንጀሮ ቢነክስ መጀመሪያ ምን ይደረግ?

ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል እጠቡ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ አትቆዩ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱ የሚያድነው ከዚያ በፊት ነው። በጠራራ ፀሐይ ሰው ሳይፈራ መንደር የሚገባ ቀበሮ ለማዳ ሆነ አትበሉ፣ ታሞ ሊሆን ይችላል። የባህል መድኃኒት የሚሰጡ ሰዎች በየአካባቢው አሉ፣ አከብራቸዋለሁ፤ ለዚህ በሽታ ግን ክትባቱን ተክቶ ማንም አይሂድባቸው።

ጮቄ ላይ የምናየው ቀይ ቀበሮ ነው?

አይደለም። ቀይ ቀበሮ ጮቄ ላይ ዱሮ ነበር፤ ጠፍቷል። ገብሱና ድንቹ ሽቅብ እየወጣ፣ ግጦሹ እየተላጨ ሲሄድ የሚበላው አይጥና የሚኖርበት ሣር አብረው አነሱ። ዛሬ ጠቦት የሚወስደው ተራው ቀበሮ ነው።

ከአውሬ ጋር ሳይጣላ የኖረ አገር አለ?

ጣና ዳር ያለውን ዘጌን እዩ። ለአቡነ በትረ ማርያም በተሰጠው ቃል ኪዳን ምክንያት ዘጌ አይታረስም፣ ከብትም አይረባበትም፤ ለዚያ ምላሽ ሰዉ ከመብረቅና ከአውሬ ይጠበቃል ይባላል። ሰው በቡናና በጌሾ ይኖራል፣ ደኑም እስከ ዛሬ ቆሟል። እምነቱን ለባለ እምነቱ ትቼ እንደ ገበሬ ሳየው ግን ብልሃት አለበት። እሸት በሌለበት ዝንጀሮ ምን ሊሰርቅ ይመጣል? በግ በሌለበት ጅብ ምን ሊፈልግ? ሁላችን ቡና ብቻ ተክለን አንኖርም፣ ጤፉን የሚያርስ ያስፈልጋል። ደን ዳር ያለውን አንዲት ጥማድ መሬት በጌሾና በቡና መሞከር ግን አይከብድም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ባሕር ዳርም ዘጌም ለጦጣ ሙዝና ብስኩት የምትወረውሩ እንግዶች፣ እናንተ ፎቶ አንስታችሁ ስትሄዱ ያቺ ጦጣ የልጅ እጅ ላይ ያለ ዳቦ መንጠቅ ለምዳ ትቀራለች።

ለቀበሌ አመለከትን፣ ማንም አልመጣም። እንዴት ብናመለክት ይሻላል?

ብዙ ጊዜ የምንሄደው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ በቃል፣ ተናደን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ነው። “ዝንጀሮ ጨረሰን” የሚል አቤቱታ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ መቶ አለ፣ ማንንም ከወንበሩ አያስነሳም።

ደብተር ያዙ። ልጃችሁ ማማው ላይ እርሳስ ይዞ ይቀመጥ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የገባበትን አቅጣጫ፣ የአውሬውን ዓይነትና ብዛት፣ የጠፋውን በቁጥር ይጻፍ። ስልክ ካለ ፎቶ ይነሳ። አሥር አባወራ አንድ ላይ ፈርሞ፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው አሳይቶ፣ አንዱን ቅጂ ማኅተም አስመትቶ ለራሱ ያስቀር። የኛ ደብተር አንድ ገጹ እንዲህ ይላል፦ “መስከረም 18። ጧት 1 ሰዓት ተኩል። በገደሉ በኩል። ዝንጀሮ፣ ሃያ ሁለት፣ ግልገል ያዘሉትን ሳይጨምር። አርባ ሰባት ራስ በቆሎ፣ ሠላሳ አንዱ ተነክሶ የተጣለ። ጠባቂው ቡና ሊጠጣ ገብቶ ነበር።” የመጨረሻውን መስመር አባቴ ሰርዘው ነበር፤ ወንድሜ መልሶ ጻፈው።